ቅርጫቱ አይሮፕላን

ቀነዓ ከሰው ጣራ ላይ ወድቆ ሞተ። በተቀበረ ዕለት አልቃሿ ዘርፈሽ የጣልያንን አምስት ዓመት ዘለለችው።

ድርቤ ደረቷን እየደቃች ስትጠብቅ ነበር። ባሏ ቀነዓ ቢላ በሚባል አገር መወለዱ ተባለ። አባቱ ተነሣ፣ የአባቱ ፈረስም ተነሣ። ነቀምቴ ገብቶ ቆርቆሮ መቺ መሆኑ ተባለ፦

ቆርቆሮ ሲመታ ዝናብ የሚያስፈራ፣
ዛሬ ማን ይድፈነው የራሱን ቤት ጣራ።

ሴቶቹ እዚህ ላይ ጮኹ። ድርቤም ጮኸች፤ ግን ጆሮዋ ሌላ ነገር ይጠብቃል። አሁን ይመጣል ብላ። አልመጣም። ዘርፈሽ ከጎረምሳነቱ ተነሥታ ጣራ ላይ አወጣችው። መሃሉን እንደ ቦይ ተራመደችው።

አልቃሽ ያለችውን ሰው ይሰማል። ያላለችውን ደግሞ የበለጠ ይሰማል። "አምስቱን ዓመት ዘለለችው" ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ባንዳ ነበር ማለት ነው።

ከቀብር ተመልሰው በር ላይ እጅ ሲታጠቡ ድርቤ የዘርፈሽን ክንድ ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተቻት።

"አምስቱ ዓመት የት ሄደ?"

ዘርፈሽ ጎጃሜ ናት። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቶ እንደ ጎረምሳ ይጎረንናል። "እመት ድርቤ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ።"

"የት ሄደ አልኩሽ።"

"የተባልኩትን ነው ያልኩት።"

"እኔ አይሮፕላን ጥሏል ብዬሽ የለም? ፎቶውን አላሳየሁሽም?"

"አሳይተሽኛል። ግራዝማች ደግሞ ተይው አሉኝ።"

"የትኛው ግራዝማች?"

"ስንት ግራዝማች አለሽ? ወንድምሽ ናቸዋ! 'የጣልያንን ዘመን እንዳታነሺ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ነው' አሉኝ። እኔን ከግራዝማች ጋር ምን አጣላኝ?"

ድርቤ ክንዷን ለቀቀቻት።

"ቢረጋገጥስ?"

"ከተረጋገጠማ ሠልስት ላይ እለዋለሁ። ግጥሙን ይዤዋለሁ እኮ። እንዲህ ያለ ግጥም ውጬ ስመለስ እኔንስ ደስ ያለኝ መሰለሽ?" ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ አለችላት፦

ክንፍ ያለውን ጠላት ከሰማይ የጣለ፣
ምነው ቀነዓዬን ጣራ አታለለ።

ድርቤ እዚያው ጓሮ ቁጭ ብላ አለቀሰች። መቃብሩ ላይ እንዲህ አላለቀሰችም።

*

ሐዘን ቤት ሥራ የለም። ሰው ንፍሮ ይቆረጥማል፣ ግድግዳ ያያል። የድርቤ ቤት ግድግዳ ላይ ደግሞ የሚታይ ነገር አንድ ነው።

ፎቶው የመዳፍ ያህል ነው፤ በመስተዋት ተለብጧል። አንድ አይሮፕላን በሆዱ ተኝቷል። አፍንጫው መሬት ገብቷል። ክንፉ ከመጠን በላይ ረጅም ነው፤ አንደኛው ተሰብሮ ወደ ላይ ቆሟል። ከክንፎቹ ሥር አንዳንድ ትልቅ ቅል የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ጎኑ ላይ የለበሰው ጨርቅ ተቀዶ ውስጡ ይታያል። ቀነዓ ወጣት ነው፣ እጁን ክንፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። አይስቅም። አያለቅስም።

ዳሱ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ ቤት የገቡ ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠዋል።

"ኩን ማል? ምንድነው ይሄ?" አለ አንዱ አንገቱን አንጋጦ። "ይሄ ጢያራ ነው?"

"ጢያራ ነው ትላለች።"

"እኔ የማውቀው የጣልያን ጢያራ ቆርቆሮ ነው። ይሄ ቅርጫት ነው። ጎኑን እየው፣ የዶሮ ቅርጫት።"

"ዶሮ ከበረረ ቅርጫቱ ቢበርር ምን አለበት?"

ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ድርቤ ሰምታለች። ንፍሮውን እፊታቸው ዘጭ አድርጋ አለፈች።

ጎረቤቷ ቀለሟ ሽሮ በድስት ይዛ ጓዳ ቆማ ነበር። ቀለሟ የወንጌል አማኝ ናት፤ ሙሾ አትወድም፣ ሐዘን ቤት ግን ከማንም ቀድማ ትገኛለች።

"ድርቤ፣ ጀባዱ፣ በርቺ። ለምን ራስሽን ታቃጥያለሽ? እሱ አሁን ያለው አልቃሽ በማትደርስበት ነው።"

"እሱማ አለ። እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት።"

"ሙሾ ምን ያደርግልሻል?"

"አንቺ መዝሙር ምን ያደርግልሻል?"

ቀለሟ ድስቱን አስቀመጠች። አልተቀየመችም። "ለመሆኑ ማን ያረጋግጥልሻል?"

"የእህቱ ልጅ ዋጋሪ ይመጣል። ደብረ ዘይት አየር ኃይል ነው የሚሠራው። አይሮፕላን እየፈታ ይገጥማል። እሱ አይቶ ይናገራል። ሰው ሁሉ ይስማ።"

ይሄን ጮክ ብላ ነው ያለችው። ሽማግሌዎቹ መሳቅ አቆሙ። ዳሱ ውስጥ ትልቁ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወንድሟ ግራዝማች ጆቴም ሰማ። ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ከዘራው ተመለሰ።

ቀንቶ ነው፣ አለች በልቧ። በአንድ ቤተሰብ ሁለት አርበኛ በዝቶበት ነው። ጆቴ ለአርበኞች ጥይት ሲያመላልስ ተይዞ፣ የጣልያንን እስር ቤት ሰብሮ የወጣ ነው። ነቀምቴ ይሄን የማያውቅ የለም። ሜዳሊያውም የመጣው፣ ግራዝማችነቱም የመጣው በዚያ ነው። ቀነዓን ግን ማንም አልጠራውም። የድል በዓል ሲሆን ጆቴ ከፊት ይቆማል፣ ድርቤ ከኋላ ቆማ ሰው እንዴት እንደሚያያት ታያለች።

ቀነዓ ደግሞ አይረዳትም ነበር።

ፎቶውን ያገኘችው ከቢላ ወደ ነቀምቴ ሲዛወሩ ነው። የድሮ ቤታቸውን ክዳን ሲያፈርሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣሩ ውስጥ ወደቀ። አይሮፕላን! ባሏ አጠገቡ! ያን ዕለት ማታ አፋጠጠችው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጢያራ።"

"አያለሁ። ምን ሆኖ ነው?"

"ኩፌ" አላት።

ወደቀ። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አላወጣም። በኦሮምኛ "ኩፌ" ወደቀ ነው፤ "ኩፊሴ" ጣለ ነው። በመሃል አንድ ፊደል ነው ያለው። ድርቤ ለጎረቤት ስታወራ ያቺን ፊደል ጨመረቻት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጨምራት ቀነዓ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ዝምታው እሺታ መሰላት። ከዚያ በኋላ ኩፊሴ እንጂ ኩፌ ብላ አታውቅም።

በመስተዋት አስለብጣ የሰቀለችው ጊዜ ከሥራ ገብቶ በር ላይ ቆመ።

"ማነው የሰቀለው?"

"እኔ።"

"አውርጂው።"

"ለምን? ወንድነትህ አይደለም? ይልቅ ሄደህ ከአርበኞቹ ተመዝገብ።"

"ጣራ አለብኝ" አለ።

ሁልጊዜ ጣራ ነበረበት። ለመመዝገብም፣ ለድል በዓልም፣ ለሁሉም። ፎቶው ግን እዚያው ቀረ። ቀነዓ ሲበላ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ይበላል። ነቀምቴ ሜዳ ላይ አይሮፕላን ማረፍ ሲጀምር ድምፁን ሲሰማ ከጣራ ይወርድና እስኪያልፍ መሬት ቆሞ ይጠብቃል። የቦምብ ፍርሃት ነው ይሉታል። ልጆች ይስቁበታል።

*

ዋጋሪ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። መንገድ ላይ፣ አኖ ከምትባል ከተማ፣ አውቶቡሱ ተበላሽቶ አድሮ አቧራ መስሎ ነው የመጣው። ከበሩ ጀምሮ "ኤሱማ ኮ! ኤሱማ ኮ!" እያለ ገባ። የእናቱን ወንድም ነው የሚጠራው። ወንዶቹ ያዙት። ድርቤ የሚበቃውን ያህል እስኪያለቅስ ጠበቀችው። ከዚያ እጁን ይዛ ጓዳ አስገባችው፤ ፎቶውን አውርዳ ነበር።

"አንተ አይሮፕላን ታውቃለህ አይደል?"

"ሥራዬ ነው፣ አክስቴ።"

"በፎቶ አይተህ የማን አገር እንደሆነ ትለያለህ?"

ዋጋሪ ከገባ ጀምሮ አሁን ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። "ያስተማረን ስዊድናዊ የድሮ አይሮፕላን ፎቶ ስሙን በእጁ ሸፍኖ ያሳየን ነበር። ይሄ የማነው? ያኛውስ? የተሳሳተ ቁርስ የለውም። እኔ አንድ ቀን ጾሜን አልዋልኩም።"

"ጥሩ። ይሄ የጣልያን ነው። አንተ ወጥተህ ለእነዚያ ሽማግሌዎች ንገራቸው።"

ተቀበላት። ልጅ ሳለ ሲያየው ያደገ ፎቶ ነው፤ አሁን ግን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ወደ መስኮቱ ሄደ። መስተዋቱን በእጅጌው ወለወለ። ፎቶውን ዓይኑ ድረስ አስጠጋ።

"ምን ሆንክ?"

"ቆይ።" ጣቱን ክንፉ ላይ አስኬደ። "ሞተሩ አንድ ነው። ክንፉም አንድ ነው፤ ግን ርዝመቱን እዪው። ጣልያን እዚህ ያመጣው አንድ ሞተር ያለው አብዛኛው ክንፉ ድርብ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ትልልቁ ደግሞ ሦስት ሞተር ነው።"

"እሺ?"

"ይሄ ቅል የሚመስለው ቦምብ የሚከተትበት ነው። እንዲህ ውጭ አንጠልጥሎ የሚሸከም አላውቅም፣ ከአንዱ በቀር።"

"ከየትኛው?"

በጣቱ ጅራቱ ላይ ደረሰ። "ሦስቱን ቀለም ታያለሽ?"

"አያለሁ። የጣልያን ባንዲራ ነው።"

"ፎቶ ላይ ሁሉም ዐመድ ነው የሚመስለው። የጣልያንም ሦስት ቀለም ነው፣ የእነሱም ሦስት ቀለም ነው። ግን ጣልያን የሚቀባው የሚዞረውን የጅራቱን ጫፍ ነበር። ይሄ ያለው በማይዞረው ላይ ነው።" አሁን ድምፁ ቀነሰ። "ጎኑ የተቀደደበትን እዪው። የዚያን ጊዜው አይሮፕላን ቀለም የጠጣ ጨርቅ ነው የሚለብሰው። ከጨርቁ ሥር አጥንቱ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ ተሠርቷል፣ እንደ ቅርጫት። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ አንድ ፋብሪካ ነው። ይሄን ማንም አይስተውም። አይሮፕላኑ ዌልስሊ ይባላል።"

"የማን ፋብሪካ?"

"የእንግሊዝ።"

ድርቤ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

"ጃንሆይን ይዞ የመጣው እንግሊዝ?"

"እሱ።"

"ከእኛ ጋር የነበረው?"

"ከእኛ ጋር የነበረው።" ፎቶውን ሰጣት። ከዚያ፣ ባይጠይቅ ይሻል የነበረውን ጠየቀ። "አክስቴ፣ ማነው ያነሣው?"

አፏን ከፈተች። አርበኞቹ ልትል ነበር፤ ግን ጣልያን ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ቢላ ጫካ ውስጥ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚዞር አርበኛ አላየችም። ካሜራ በማን እጅ እንደነበረ ደግሞ ታውቃለች።

"ምናልባት" አለ ዋጋሪ ቶሎ ብሎ፣ "ኤሱማ አብራሪውን ፈረንጅ አትርፎት ይሆናል። ደብቆት። በኋላ እንግሊዞቹ መጥተው ፎቶ አነሡት ይሆናል። ይሆናል እኮ።"

ድርቤ ይቺን ያዘቻት። እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል፣ አለች። ከመጣል ማትረፍ ይሻላል። ዘርፈሽ ግጥሙን ትለውጠዋለች።

"ሰው ፊት ምንም እንዳትል" አለችው።

ዋጋሪ ወጣ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁት።

"እህ፣ የአየር ኃይሉ? የማን ሆኖ ተገኘ?"

"መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፣ አባቶቼ።"

"በለው! አገሩን የሚጠብቁልን በመነጽር ነው!"

ዋጋሪ ቁልቁል እያየ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ሰው የዓይኑን መቅላት እንደየፍላጎቱ ተረጎመው።

*

ጆቴን ወደ ጓሮ ጠራችው። ቀነዓ ለማያልቅ ቤት ያስቀመጣቸው ቆርቆሮዎች አጥር ላይ ተደግፈዋል። ንፋስ ሲነካቸው ይንኳኳሉ።

"ኦቦ ጆቴ፣ አይሮፕላኑ የእንግሊዝ ነው።"

የትኛው አይሮፕላን አላላትም። "ማን አለ?"

"ዋጋሪ።"

"ሰው ሰምቷል?"

"አልሰማም።"

"ጥሩ። እንዳይሰማ።"

"ለምን አይሰማም? እንግሊዙን አትርፎት ነው አይደል? አንተ ታውቃለህ። እያወቅህ ለምን አስዘለልከው? አንተ ብቻ ጀግና እንድትባል?"

ጆቴ ሳቀ። ሳቁ ጥሩ አልነበረም። ድርቤ ይሄን ሳቅ ሰምታበት አታውቅም።

"ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ እኔ ከእስር ቤት እንዴት ነው የወጣሁት?"

"ሰብረህ።"

"በምኔ? በጥርሴ?"

ድርቤ ከዘራውን አየች።

"በር ተከፍቶልኝ ነው የወጣሁት። እኔ ስወጣ አንድ ሰው ገባ። ፈረንጅ ነው፣ ልጅ ነገር፣ እግሩ ተሰብሮ በሁለት ሰው ተይዞ። በሩ ጠባብ ነው። ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ። በእጁ እንዲህ አደረገ፣ ውኃ መጠየቁ ነው። ማሰሮው በስተኋላዬ ነበር። ዞር ብዬ ባቀብለው ኖሮ... እንዳይመልሱኝ ፈራሁ። ወጣሁ።"

"ቀነዓ የት ነበር?"

"አይሮፕላኑን ለጣልያኖቹ ሲያሳያቸው ውሏል። እያወቅሽ አትጠይቂኝ።"

"አላውቅም! ንገረኝ!"

"ጨሊሲ! ዝም በይ፣ ሰው አለ።" ወደ ዳሱ አየ። ከዚያ በቀስታ፣ መሬቱን በከዘራው እየወጋ ተናገረ። "መጀመሪያ ፈረንጁን ደብቆት ነበር። የአባቱ ጎተራ ውስጥ። ማር ይወስድለት ነበር፤ እግሩንም አስሮለታል። አልሸጥም ብሎ ነበር፣ ቀነዓ። ከዚያ እኔን ሊሰቅሉኝ ነው የሚል ወሬ ቢላ ደረሰ። ያኔ አንቺ..."

"እኔ ምን?"

"በር ላይ ቆመሽ 'ወንድሜን ሳታመጣ በዚህ በር እንዳትገባ' አላልሽውም?"

ብላለች። አዲስ ሙሽራ ነበረች። መጥረጊያ በእጇ ነበር። ቀነዓ "በምን ላምጣው?" አላት፤ "እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ወንድ አይደለህ?" አለችው። ሄደ። ከሰነበተ በኋላ ጆቴን፣ ቆዳና አጥንት የሆነውን ጆቴን፣ ደግፎት መጣ። ደስታዋ ብዛቱ! ዶሮ አረደች። በምን አወጣኸው ብላ አልጠየቀችም። ቀነዓ ያን ዕለት አልበላም፤ ዳገቱ ነው፣ ደክሞት ነው አለች።

"ፎቶውን እነሱ ናቸው የሰጡት" አለ ጆቴ። "ጎበዝ ሲሉት።"

"ፈረንጁስ?"

"ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።"

"ስሙ ማን ነበር?"

"ማን ጠይቆት?"

ንፋሱ ቆርቆሮዎቹን አንኳኳ።

"ለምን አልነገርከኝም? ስሰቅለው ስታይ። በሰው ፊት ሳወራ ስትሰማ።"

"ልነግርሽ ነበር። እሱ ነው የከለከለኝ። 'ተዋት፣ ደስ ይበላት' አለኝ።" ጆቴ አፍንጫውን ጠረገ። "እሱን ባንዳ ሲሉት እኔን ግራዝማች አሉኝ። አንድም ቀን ፊቴ ላይ አልወረወራትም። አሁን ዘርፈሽ 'አይሮፕላን ጣለ' ብላ ብትለቀው፣ ነገ አንዱ ይነሣል። የትኛውን አይሮፕላን? የት? ማን ነበረ? እያለ እያለ እኔ ጋ ይደርሳል።"

"እኔ ደግሞ አሁን ለሱ ክብር ያሰብክ መስሎኝ ላመሰግንህ ነበር።"

"ለሁለታችን ነው።"

"እሱማ ተቀብሯል።"

ድርቤ ቤት ገባች። ቀለሟ ምን ሆንሽ አለቻት፤ ራሴን አመመኝ አለች። ቀለሟ በቅጠል ጭንቅላቷን ልታስርላት ስትል እጇን መለሰችው።

*

ሠልስት ዕለት ዳሱ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆመ። የቢላ ዘመዶች በበቅሎ መጡ። ጆቴ አዲስ ኩታ ለብሶ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዋጋሪ በስተጥግ ነው።

ዘርፈሽ ድምጿ ተመልሶላታል። ድርቤ ምንም አልነገረቻትም፤ ከጓሮው በኋላ ለማንም ምንም አልተናገረችም። ዘርፈሽ ግን ዋጋሪ ፎቶውን ማየቱን፣ ዓይኑ ቀልቶ መውጣቱን ሰምታለች። ይሄ ይበቃታል። ያን ግጥም ይዛ መመለስ አትፈልግም።

ቢላን አነሣች። አባቱን አነሣች፣ ፈረሱን አነሣች። ሴቶቹ እየዘለሉ ይቀበሏታል። ከዚያ ጎረምሳነቱ ላይ ደረሰች። ቆም አለች። ሰው ሁሉ ቆም አለ። ሽማግሌዎቹ ንፍሮ የያዘ እጃቸውን አፋቸው አጠገብ አቆሙት። ዘርፈሽ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ አነሣች፦

ክንፍ ያለውን ጠላት ከሰማይ የጣለ...

ዳሱ ተናወጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ያዩዋት ሴቶች ዞረው ፊት ለፊት አዩዋት። አንዷ "ወይኔ ጀግናው!" ብላ ፊቷን ቧጠጠች። የቢላ ሰዎች ብቻ ናቸው እርስ በርስ የተያዩት።

"ተይው" አለች ድርቤ።

ዘርፈሽ አልሰማቻትም። ሁለተኛውን ስንኝ ልትጀምር አፏን ከፈተች።

"ተይው አልኩሽ!"

ሽማግሌዎቹ ዋጋሪን አዩት። ዋጋሪ እግሩን ያያል።

"ምነው እመት ድርቤ?" አለች ዘርፈሽ፣ እጇ አሁንም አየር ላይ ነው። "አልተረጋገጠም እንዴ?"

"ተረጋግጧል።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

ድርቤ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ወንዶቹ ወደ ተቀመጡበት ሄደች። መንገድ ለቀቁላት። ጆቴ ስትመጣ እያየ ከዘራውን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ ቆመች። ኩታውን ከትከሻው ላይ ገፈፈችው፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጋ እንደ ሐዘንተኛ አለበሰችው።